ምዕራፍ ሰባት፦ የንብ ጤንነትና የመንጋ አያያዝ

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ንብ የሚያነቡ ሰዎች ቀፏቸውን የሚከፍቱት መቼ መቼ ነው? ለምን ዓላማ?
2. አንድ የንብ መንጋ ቀፎውን ትቶ ቢሄድ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
3. በማየትና በመመርመር መካከል ምን ልዩነት አለ?

ለ. ምንባብ

ባዶው ቀፎ

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ንብ አናቢ ሁሉ ተስፋ ያደርጋል። ንቦቹ በቀፎው ደጃፍ እየተርመሰመሱ ይገባሉ፤ ይወጣሉ። ማር የሚቆረጥበት ወራት ሲደርስ ግን ከአምስትና ከስድስት ቀፎዎች መካከል አንዱ ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በውስጡ የሚታየው የጠቆረ እንጀራ፥ የእሳት ራት ትል ያደራው ድርና የጥቂት ንቦች ሬሳ ብቻ ነው። ባለቤቱም «ንቤ ኰበለለ» ብሎ ያዝናል። ቢያዝንም አይፈረድበትም። ከዚያ ቀፎ ይገኝ የነበረው ማር ተሽጦ ለልጆች ልብስና ደብተር፥ ለቤትም ጨውና ዘይት ይሆን ነበርና።

«ንቤ ኰበለለ» የሚለው አነጋገር የሆነውን ነገር ይገልጻል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም። ንብ ያለ ምክንያት ቤቱን አይለቅም። ርኃብ፥ የውኃ እጦት፥ የፀሐይ ሐሩር፥ የጉንዳን ወረራ፥ በሽታ፥ ወይም እየደጋገመ የሚነካካ የሰው እጅ ያስለቅቀዋል። ከእነዚህም የሚበዙት አስቀድመው ምልክት የሚሰጡ ናቸው። ስለዚህ የንብ አያያዝ ትምህርት የሚጀምረው ከማር አቆራረጥ ሳይሆን ምልክትን በጊዜው ለይቶ ከማወቅ ነው።

የንብ መጥፋት የሚጎዳው ባለ ቀፎውን ብቻ አይደለም። ንብ አበባ ስትቀስም የአበባ ዱቄት ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ታደርሳለች። ለምሳሌ ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት እንደሚገባ ፍሬ ሊይዝ አይችልም። የኑግ እርሻ ያለው ገበሬ አንድም ቀፎ ባይኖረው እንኳ የጎረቤቱ ንብ ባለውለታው ናት።

ብዙ ሆኖ አንድ አካል

አንድ የንብ መንጋ በሺህ የሚቈጠሩ ነፍሳት ቢኖሩትም የሚኖረው እንደ አንድ አካል ነው። በጤናማ መንጋ ውስጥ እንቍላል የምትጥለው ንግሥቲቱ ናት። ቀፎ ማጽዳት፥ እጭ መመገብ፥ እንጀራ መሥራት፥ ደጅ መጠበቅና አበባ መቅሰም የሠራተኞቹ ፈንታ ነው። ሠራተኞቹም ሁሉ እንስቶች ናቸው። ወንዶቹ ድንጉላ ይባላሉ፤ ተግባራቸውም ከንግሥት ጋር መገናኘት ነው። ከእንቍላል እስከ ሙሉ ንብነት ለመድረስ ንግሥት 16፥ ሠራተኛ 21፥ ድንጉላ 24 ቀናት ያህል ይፈጅባቸዋል። እጮቹ የሚያድጉበት ስፍራ ሙቀቱ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲሆን፥ ሠራተኞቹ ሲበርድ ተጠጋግተው ያሞቁታል፤ ሲሞቅ በክንፋቸው ያራግቡታል። እንዲህ ተጠጋግተው፥ ከአፍ ለአፍ ምግብ እየተቀባበሉ የሚኖሩ በመሆናቸው፥ በሽታ አንዴ ከገባ በመንጋው ውስጥ ለመዛመት አይቸገርም።

በአገራችን መሪ ያጣ ሕዝብ «አውራ እንደሌለው ንብ» ይባላል። አውራ የሚለው ቃል ወንድን የሚያመለክት ቢመስልም የመንጋው ራስ እንስት ናት። በአውሮፓም ለብዙ ዘመን የንቦች ንጉሥ እየተባለ ይነገር ነበር። እንስትነቷ ከታወቀም በኋላ የምትጸንሰው የትና እንዴት እንደ ሆነ ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል። ይህን ጥያቄ ለመፍታት ብዙ የደከመው ሰው ዓይነ ስውር ነበር።

ዓይን የሌለው ተመልካች

ፍራንስዋ ዩበር በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ በ1750 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ፈጽሞ ጠፋ። እርሱ ግን ስለ ንብ ለማወቅ የነበረውን ጉጉት አልተወም። ፍራንስዋ ቡርነንስ የሚባል አገልጋዩን ረዳቱ አደረገው። ዩበር ይጠይቃል፤ ቡርነንስ ያያል፤ ያየውንም አንድ ሳያስቀር ይነግረዋል። መልሱ ዩበርን ካላረካው እንደ ገና እንዲያይ ያዘዋል። ለዚህም ሥራ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ቀፎ አሠራ። ቡርነንስ በአንድ ወቅት የሁለት ቀፎ ንቦችን አንድ በአንድ እያነሣ ሲመረምር ሥራው ዐሥራ አንድ ቀን ፈጅቶበታል።

በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ዩበር ንግሥቲቱ የምትጸንሰው በቀፎው ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ በራ በአየር ላይ መሆኑን አስረዳ። የምርምሩንም ውጤት በ1792 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምርምር የሚካሄደው በዓይን ብርሃን ብቻ አይደለም። ተገቢውን ጥያቄ መጠየቅ፥ መልሱን ደጋግሞ መፈተን፥ የተገኘውንም መጻፍ ያስፈልጋል።

የንብ መተላለፊያ

የዩበር ቀፎ ለምርምር ይስማማ እንጂ ለአናቢዎች ሁሉ የሚመች አልነበረም። በ1851 እ.ኤ.አ. ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ሰባኪ አንድ ነገር አስተዋለ። ንቦች በቀፎ ውስጥ ጠባብ ክፍተት ሲያገኙ በሙጫ ይደፍኑታል። ሰፊ ክፍተት ሲያገኙ እንጀራ ይሠሩበታል። ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ግን መተላለፊያ አድርገው ክፍቱን ይተዉታል። ላንግስትሮዝ ይህንኑ ክፍተት በመጠበቅ ፍሬሞችን በቀፎው ውስጥ ሰቀለ። ከዚያም ወዲህ አናቢው እንጀራውን ሳይሰብር አንሥቶ ለማየትና ወደ ስፍራው ለመመለስ ቻለ።

ይህ ለማር ምርት ያስገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይነገራል። ለንብ ጤንነት የሰጠው ጥቅም ግን ከዚያ አያንስም። ቀድሞ የእጮቹን ደኅንነት ለማወቅ እንጀራውን መቁረጥ፥ ይህም ማለት መንጋውን መጉዳት ግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሳይጎዱ መመርመር ተቻለ።

በሽታን የሚያጸዱ ንቦች

ከንብ በሽታዎች ሁሉ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ የአሜሪካ የእጭ ብስባሴ የሚባለው ነው። ስሙ የአሜሪካ ይባል እንጂ በብዙ የዓለም ክፍሎች ይገኛል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከምግብ ጋር ወደ እጩ ሆድ ይገባል። እጩም ሞቶ ቡናማና የሚዝለገለግ ይሆናል። አናቢዎች በክብሪት እንጨት ነክተው ሲስቡት እንደ ክር ከተመዘዘ በሽታው ስለ መኖሩ ይጠረጥራሉ። የባክቴሪያው ዘር በአሮጌ እንጀራና ቀፎ ላይ ከ35 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በብዙ አገሮች የታመመው መንጋ ከነእንጀራው ይቃጠላል።

ይሁን እንጂ አንዳንድ መንጋዎች ይህን በሽታ ተቋቁመው ሲኖሩ ታይተዋል። ዋልተር ሮተንቡለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የዚህን ምክንያት መረመረ። የሚቋቋሙት ንቦች የሞተው እጭ ያለበትን ቀዳዳ የሰም ክዳን ይከፍታሉ፤ ሬሳውንም ጎትተው ወደ ውጭ ይጥላሉ። የማይቋቋሙት ሬሳውን እንደ ተከደነ ይተዉታል። ተመራማሪው ሁለቱን ዓይነት ካዳቀለ በኋላ ልጆቻቸውን እንደ ገና ከሚያጸዱት ወገን ጋር አዳቅሎ 29 መንጋዎችን አገኘ። በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ውጤት መሠረት 6ቱ ክዳኑን ከፍተው ሬሳውን አወጡ። 9ኙ ክዳኑን ከፈቱ፤ ሬሳውን ግን አላነሡም። የቀሩት 14 ክዳኑን አልነኩም። ተመራማሪው ለእነዚህ ክዳኑን በእጁ በከፈተላቸው ጊዜ ከመካከላቸው 6ቱ ሬሳውን አወጡ።

ከዚህም በመነሣት መክፈትና ማውጣት ከወላጅ የሚወረሱ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች መሆናቸውን ገለጸ። ኋላ የተደረጉ ምርምሮች ውርሱ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይተዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን አልተለወጠም። ጽዳት ለመንጋው መድኃኒት ነው፤ የሚያጸዳውንም ንብ መርጦ ማርባት ይቻላል።

ከሩቅ የመጣ ተባይ

ጽዳት ምን ያህል እንደሚጠቅም ይበልጥ የታወቀው ቫሮዋ የሚባለው ተባይ በዓለም ላይ ከተዛመተ ወዲህ ነው። ቫሮዋ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው፥ የመዥገር ወገን የሆነ፥ ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ተባይ ነው። ጥንት ይኖር የነበረው በእስያ ንብ ላይ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ሰዎች የንብ መንጋዎችን ከአገር ወደ አገር ሲያጓጉዙ ወደ እኛ ዓይነቱ ንብ ተላለፈ። ተባዩ የሚራባው ክዳን በተደፋበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር ምግቡ በዋናነት ንቧ ኃይል የምታከማችበት የስብ ክፍል መሆኑን አሳይቷል። ከዚህም ሌላ ክንፍን የሚያጣምም ቫይረስ ያስተላልፋል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተባዩን ለመከላከል ካልተጣረ አብዛኛው መንጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል። በደቡብ አፍሪካ ተባዩ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ተመሳሳይ ጥፋት ይደርሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በእርግጥም መጀመሪያ ላይ ጉዳት ደረሰ። ቆይቶ ግን የአገሩ ንቦች በአብዛኛው ያለ መድኃኒት ተቋቋሙት። በ2009 እ.ኤ.አ. ተባዩ በኬንያና በታንዛኒያ ታየ። በኢትዮጵያም መኖሩ በተመራማሪዎች ተረጋግጧል። የአፍሪካ ንቦች የታመመውን እጭ ፈጥነው ማውጣታቸውና ገላቸውን ከተባይ ማጽዳታቸው ለብርታታቸው ምክንያት ከሚባሉት መካከል ይገኛል።

እንግዲህ የአገር ንብ ተናዳፊ ነው ተብሎ የሚናቅ ሀብት አይደለም። የውጭ ንብ ማስገባት ማሩን ያበዛል በሚል ሐሳብ ያልተመረመረ መንጋ ድንበር ቢያልፍ፥ አብሮት የሚገባውን በሽታ መልሶ ማስወጣት አይቻልም። ቫሮዋን በዓለም ላይ ያዛመተው ንፋስ ሳይሆን የሰው እጅ ነውና።

የአናቢው ፈንታ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። አብዛኛው ማር የሚገኘው ግን ከባህላዊ ቀፎ ነው። ባህላዊ ቀፎ ወጪው አነስተኛ ስለ ሆነና በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ስለሚሠራ የሚናቅ አይደለም። ጉድለቱ ውስጡን ያለ ቆረጣ ለመመርመር አለማስቻሉ ነው። ቢሆንም ማንኛውም ቀፎ ደጃፍ አለው። ደጃፉንም ማንበብ ይቻላል።

ሠራተኞቹ በእግራቸው የአበባ ዱቄት ጭነው ከገቡ፥ በውስጥ የሚመገብ እጭ ስለ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው። በደጃፉ እንደ ጠመኔ የነጡና የደረቁ እጮች ከወደቁ ሻጋታ የሚያመጣው በሽታ ገብቷል ማለት ነው። ክንፋቸው የተጨማደደ፥ መብረር አቅቷቸው የሚድሁ ንቦች ከታዩ ቫሮዋ ይጠረጠራል። በአንድ ቀን ብዙ ንቦች በደጃፉ ሞተው ከተገኙ ደግሞ በአቅራቢያው ባለ እርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒት ተረጭቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ርጭቱ ንብ አበባ በማይቀስምበት በማታ ጊዜ ቢደረግና ለባለ ቀፎዎች አስቀድሞ ቢነገር ብዙ ጥፋት ይድናል።

ፍሬም ቀፎ ያለው አናቢ ከዚህ አልፎ ተባዩን መቁጠር ይችላል። በመጀመሪያ ንግሥቲቱ በመካከላቸው አለመኖሯን ያረጋግጣል። ከዚያም 300 ያህል ንቦችን ወንፊት ክዳን ባለው ብልቃጥ ያስገባና ከደቀቀ ስኳር ጋር ቀስ ብሎ ያንቀሳቅሳቸዋል። ስኳሩ ወደ ነጭ ሰሃን ሲነፋ ተባዮቹ አብረው ይወርዳሉ። ንቦቹ በሕይወታቸው ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ። የወረዱት 9 ቢሆኑ ከመቶ ንብ 3 ተባይ ተገኘ ማለት ነው። ይህም ቍጥር ከነቀኑ ይጻፋል። አንድ ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከወር ወር ሲነጻጸር ግን ተባዩ መጨመሩን ወይም መቀነሱን ያሳያል።

የቀረው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀፎውን ከሐሩር መከለል፥ ውኃ በቅርብ ማኖር፥ በመደቡ እግር ዙሪያ አመድ ነስንሶ ጉንዳንን ማገድ፥ የጠቆረ እንጀራን በየጊዜው ማስወገድ፥ ከታመመ ቀፎ እንጀራ አውጥቶ ለጤነኛው አለመስጠት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማር ሲቆረጥ ለመንጋው ስንቅ መተው ነው። አበባ በሌለበት በክረምት የተራበ መንጋ ይደክማል፤ የደከመውን በሽታም ጉንዳንም ይደፍሩታል። በሆለታ የሚገኘው የንብ ምርምር ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት የአገሩን ንቦች፥ የሚቀስሟቸውን ዕፅዋትና የሚያጠቋቸውን በሽታዎች ያጠናሉ። ነገር ግን ተመራማሪ በየጓሮው ሊገኝ አይችልም። በየጓሮው ያለው አናቢው ነው።

ዓይኑን ያጣው ዩበር በሰው ዓይን ተጠቅሞ የንብን ምሥጢር ገለጠ። ሁለት ዓይን ያለው አናቢ ከመስከረም እስከ ኅዳር ማሩን ብቻ እያሰበ በደጃፉ ቢያልፍ፥ ባዶ ቀፎ ባገኘ ጊዜ የሚናገረው «ኰበለለ» የሚለውን ቃል ብቻ ይሆናል። በየሳምንቱ ቆም ብሎ ያየና ያየውን የጻፈ ግን መንጋው ሳይሄድ በፊት የሚሄድበትን ምክንያት ያውቃል።

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. «ንቤ ኰበለለ» የሚለው አነጋገር የሚጎድለው ምንድን ነው?
2. ቀፎ የሌለው የኑግ ገበሬ ለጎረቤቱ ንብ ባለዕዳ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3. የዩበርና የቡርነንስ የሥራ ድርሻ እንዴት የተከፋፈለ ነበር?
4. የላንግስትሮዝ ግኝት ለንብ ጤንነት የጠቀመው እንዴት ነው?
5. ከ29ኙ መንጋዎች መካከል ክዳኑ ተከፍቶላቸውም ሬሳውን ያላወጡት ስንት ናቸው? ያገኛችሁበትን መንገድ አስረዱ።
6. ያልተመረመረ የንብ መንጋ ከውጭ ማስገባት የሚያስከትለውን አደጋ ግለጹ።
7. «በየጓሮው ያለው አናቢው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን መልእክት ያስተላልፋል?

መ. ቃላት

በ«ሀ» ሥር ያሉትን ቃላት በ«ለ» ሥር ካሉት ፍቺዎች ጋር አዛምዱ።

ሀ
1. ኰበለለ
2. ድንጉላ
3. ቀሰመ
4. ስንቅ
5. ሐሩር

ለ
ሀ) ለችግር ጊዜ የሚቀመጥ ምግብ
ለ) ወንድ ንብ
ሐ) ብርቱ የፀሐይ ሙቀት
መ) ቤቱን ጥሎ ጠፋ
ሠ) ከአበባ ጣፋጩን ወሰደ

ሠ. ሰዋስው

«እንጂ» የሚለው አያያዥ ሁለት ሐሳቦችን እያነጻጸረ አንዱን ይነሣል፤ ሌላውን ያጸናል። አንዳንድ ጊዜም የፊተኛውን ሐሳብ ተቀብሎ የኋለኛውን ይለይበታል።

ምሳሌ፦ አነጋገሩ የሆነውን ነገር ይገልጻል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም።

የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በ«እንጂ» አያይዙ።

1. በሽታውን ያዛመተው የሰው እጅ ነው። በሽታውን ያዛመተው ንፋስ አይደለም።
2. የአገር ንብ ሀብት ነው። የአገር ንብ የሚናቅ አይደለም።
3. ቡርነንስ ያያል። ቡርነንስ ጥያቄውን አያወጣም።

በምንባቡ ውስጥ «እንጂ» የገባባቸውን ሌሎች ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ የትኛው ሐሳብ እንደ ጸና አመልክቱ።

ረ. ጽሕፈት

በአካባቢያችሁ ወደሚገኙ አንድ ንብ አናቢ ሄዳችሁ፥ ፈቃዳቸውንም ጠይቃችሁ፥ ከቀፎው በአስተማማኝ ርቀት ላይ ሆናችሁ ደጃፉን ለሩብ ሰዓት ተመልከቱ። ያያችሁትን በቅደም ተከተል መዝግቡ። ቀጥሎ አናቢው ስለዚያው ምልክት የሰጧችሁን ማብራሪያ ጨምራችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን ብቻ፥ በሁለተኛው ደግሞ የሰማችሁትን ግለጹ፤ ሁለቱን አታደባልቁ። ንብ የማይገኝበት አካባቢ የሚኖሩ ተማሪዎች የጉንዳንን መንገድ ወይም የወፍን ጎጆ በዚሁ ዘዴ ተመልክተው መጻፍ ይችላሉ።